ከኦፕራሲዮኑ በፊት የተቀዳው መንዙማ

ሐሩን እንድሪስ ስህተት የማያስደነግጠው ሰው ነበር። አውሮፕላን ማረፊያ ጭነት ክፍል ሲሠራ ከአንዲት የበረራ አስተናጋጅ የገዛት፣ በትንሽ ዲስክ ላይ ድምፅ የምትቀዳ ሚኒዲስክ መቅጃ አለችው፤ ዲስኩ ግን አንድ ብቻ ነው። የወደደውን ዘፈን ከሬዲዮ ይቀዳል፣ ሲሰለቸው ያጠፋል፣ ሌላ ይቀዳበታል። የቦሌ ሚካኤል ጓደኞቹ «ካሴት ቢሆን ተልጦ አልቆ ነበር» እያሉ ይገረማሉ። ሁሉም ነገር ተሰርዞ እንደገና ይጀመራል ብሎ ማመን ለሰው ልጅ ምንኛ ይጣፍጣል!

በ1990 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ አባቱ ሼህ እንድሪስ ጉሮሯቸው አብጦ ከወሎ መጡ። ሐኪሙ ሐሩንን ለብቻው ጠርቶ፣ «ሰኞ ኦፕራሲዮን ይደረጋሉ። ድምፃቸው መመለሱን ግን እንጃ» አለው። በየመውሊዱ ሰው ሲያስለቅስ የኖረ ድምፅ!

እሑድ ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ ማይክሮፎኑን አባቱ ፊት ደገነ። ሚስቱን ሰዓዲያንና ጎረቤታቸውን እትዬ ሸምሲያን «ትንፋሽ እንዳይወጣችሁ!» ብሎ አስጠነቀቀ።

«ተቀባይ የሌለው መንዙማ ደግሞ ምን ይባላል?» አሉ ሽማግሌው።

«ለጥራቱ ነው አባ። የእርስዎ ድምፅ ብቻ እንዲሰማ።»

«ጉድጓድ ውስጥ ገብተህ ጩህ በለኛ።»

አዜሙ። ሐሩን ያየው የማሽኗን መብራት እንጂ የአባቱን ፊት አልነበረም። ሲጨርሱ ማቆሚያውን እንደተጫነ የሰፈሩ መብራት ጠፋ።

ያቺ ማሽን ድምፁን ዲስኩ ላይ ታሰፍርና የት እንዳስቀመጠችው መጨረሻ ላይ ትጽፋለች። ይህን ሳትጽፍ መብራት ከሄደ ዲስኩ ባዶ ነኝ ይላል። ድምፁ እዚያው አለ፤ መኖሩን የሚመሰክርለት ግን የለም። ስንቱ ሰው እንዲሁ ኖሮ አልፏል።

«ገባልህ?» አሉ አባቱ።

«መብራት ይምጣና እናያለን።»

ሰዓዲያ ወደ ደጅ ጎትታ አወጣችው። «ንገራቸው እንጂ!»

«ደግመው ሲሉ ቢብስባቸውስ? እምቢ ቢሉስ?»

ወደ አመሻሹ ላይ መብራት መጣ። ዲስኩ ባዶ ነው። ሐሩን አባቱ አጠገብ ተቀመጠ።

«አባ፣ ጠፋብኝ።»

ሽማግሌው፣ «ያንን ብርድ የመታው ነገር ልታስቀምጥልኝ ኖሯል? አሁን ካልተቀበላችሁኝ አፌን አልከፍትም» አሉ።

እትዬ ሸምሲያ ማጨብጨብ ጀመረች። ሐሩን አንድ ዓይኑን ከአምፖሉ ሳይነቅል ተቀበለ። መሐል ላይ የአባቱ ድምፅ ተሰነጠቀና ቆመ፤ በእጃቸው «ቀጥሉ» አሏቸው። ሐሩን ፍርሃቱን ለመሸፈን ይመስል ጮኸ። ሲያበቃ ማሽኗ ጽፋ እስክትጨርስ ድረስ ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም። ጻፈች።

ሼህ እንድሪስ ከሆስፒታል የተመለሱት አንገታቸው በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ድምፅ አልባ ሆነው ነው። ሐሩን ዲስኩን ከፈተላቸው። ከእሳቸው ዜማ በላይ የእሱ ጠማማ ጩኸት ቤቱን ሞላው። አባቱ ጣታቸውን ወደ እሱ ቀሰሩ፣ ትከሻቸውም መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ አልገባውም።

«እኔ የጮህኩበትን ብቻ ላጥፋው አባ?» ብሎ እጁን ወደ ማሽኗ ሲሰድ ክንዱን ጨምድደው ያዙት።