አንዱ ምላጭና ቆረቆሩ

የመሠረተ ትምህርት ዘማች ሆኜ ዘመሮ ከተማ አጠገብ ባለች መንደር ፊደል ሳስተምር ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር፤ በዚያ አገር ከእኔ የበለጠ አዋቂ ያለም አይመስለኝም ነበር። አንድ ቀን የወረዳው ካድሬ ከሰዓት በኋላ የልጆቹን ንጽሕና ሊያይ እንደሚመጣ ተነገረኝ። እኔ ሆዬ ተማሪዎቼን አሰልፌ ራስ መላጨት ጀመርኩ። የነበረኝ ምላጭ አንድ ነው።

የትልቅ ሰው ልጅ ይቅደም ብዬ መጀመሪያ የቄሱን ልጅ አስቀመጥኩ። ከቁንጮው ሥር ነጭ ቅርፊት አየሁ። ምላጩ መቀቀል እንዳለበት አላጣሁትም፤ ግን ማን እሳት ያንድድ? በሸሚዜ ጫፍ ጠረግ አድርጌ ወደሚቀጥለው አለፍኩ። መጨረሻ ላይ የአንጥረኛውን ልጅ ላጨኋት። ፊደል በመያዝ የሚስተካከላት አልነበረም።

ሳምንታት አልፈው ቆረቆር የልጆቹን ራስ ወረረው፤ ፀጉራቸው በየቦታው ተመለጠ። ወላጆች ግር ብለው መጡ።

«የቀጥቃጭ ልጅ ዓይን ነው! እሷ ካለች ልጆቻችንን አንሰድም!»

አባቷ እጇን ይዘው ወሰዷት። እኔ ምላጩ ኪሴ ውስጥ እያለ ዝም አልኩ። ፈሪ ነበርኩ።

ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ባዮሎጂ ስማር የቆረቆር ነገር መጣ። ለካ አምጪው ፈንገስ ነው። አፍ የለውም፤ ምግቡን የሚፈጭበትን ኢንዛይም ወደ ውጭ ያፈሳል። ኢንዛይሙ ገላው ላይ አንዲት ስርጉድ አለችው፤ ጠንካራው የፀጉር ፕሮቲን እዚያች ውስጥ ልክክ ብሎ ሲገባ ይቆራርጠዋል፤ ፈንገሱም ቁርጥራጩን መጥጦ ይኖራል። ለኢንዛይሙ የቄስ ልጅ ፀጉርና የአንጥረኛ ልጅ ፀጉር አንድ ነው። መምህሩ ሥዕሉን ሰሌዳው ላይ ሲስሉ እኔ የማየው ያቺን ልጅ ነበር። ደብተሬ ላይ አንድም መስመር አልጻፍኩም።

አስተማሪ ሆኜ ወደዚያው አገር ስመለስ ዘመሮ ገበያ ላይ ገንቦ ስትሸጥ አገኘኋት። እኔ አላወቅኋትም፤ እሷ ናት ከመቀመጫዋ የተነሳችልኝ።

«ጋሼ፣ ረሱኝ? እስከ ‹ቀ› ድረስ ዛሬም አልጠፋኝም» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያን ጊዜ አገር ሁሉ ሲሰድበኝ እርስዎ ብቻ ክፉ አልተናገሩኝም። እግዜር ይስጥልኝ።»

የምላጩን ነገር መናገር ነበረብኝ፤ እዚያው፣ ገበያተኛው እየሰማ።

«ምንም አይደል» አልኳት።