የማይዘቅጥ ጥቀርሻ

ኒጋታ ከተማ በሚገኘው የሺገዞ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት፣ በሩ እንደተከፈተ ከሁሉ ቀድሞ የሚገባ አንድ ሽማግሌ አለ። ስሙን የጠየቀው የለም። ከግራጫ የፋብሪካ ጃኬቱ ደረት ላይ የፋብሪካው ምልክት ተተርትሮ ወጥቶ የመርፌው ቀዳዳዎች ብቻ ቀርተዋል። ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጦ እጆቹን በብሩሽ ይፈትጋል፤ የጥፍሮቹ ሥርና የመዳፉ መስመሮች ግን እንደጠቆሩ ናቸው። ከዚያ ተለቃልቆ ይወጣል። ሌሎቹ ታጥበው ሲያበቁ አብረው የሚዘፈዘፉበት ሙቁ ገንዳ ውስጥ ግን ገብቶ አያውቅም።

ትናንት ዓሣ ሻጩ ኢሳሙ ከገንዳው ውስጥ ሆኖ ሳቀበት። «አባባ፣ ይግቡ እንጂ! ውሃው የሚበላዎት ይመስል!»

ሽማግሌው ብሩሹን ሳያስቀምጥ መለሰ። «ተራ ጥቀርሻ ውሃ ውስጥ ይዘቅጣል። እኛ ፋብሪካ ውስጥ ግን ለቀለም እንዲሆን በየቅንጣቱ ላይ ፖሊመር የሚባል ክር እንደ ፀጉር አበቀልንበት። ከዚያ ወዲያ አይዘቅጥም፤ ተበትኖ ይቀራል። ገንዳችሁን አጠቁርባችኋለሁ።»

የመታጠቢያ ቤቱ ባለቤት ሺገዞ ከመቀመጫው ተነሣ። «ማነው እንዲህ ያለዎት?»

«ፋብሪካው። የእኛ ክፍል ሰው የሠራተኞቹ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ መግባት ክልክል ነበር።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ጡረታዬ።»

የሺገዞ ደም ፈላ። «ይሄ የማንም ፋብሪካ ገንዳ አይደለም፣ የኔ ነው! ቢጠቁር ደፍቼ እሞላዋለሁ። ይግቡ! አንተ ኢሳሙ፣ ጥጉን ልቀቅላቸው!»

ኢሳሙ አፍሮ ፈቀቅ አለ። ሽማግሌው ቀስ ብሎ ገባ፤ ውሃው አንገቱ ድረስ ሲደርስ ዓይኖቹን ጨፈነ። ሁለት እጆቹን ግን እንደተማረከ ወታደር ከራሱ በላይ አንሥቶ ነበር። ሺገዞ «እጅዎንም ያስገቡ!» እያለ ቢቆጣም፣ ኋላም ቢለምነው፣ አላወረዳቸውም።