ቋጠሮዋ የተፈታ ሞተር

አብዱልጀባር ሲቆጣ ድምፁን የማይሰማ የሰፈር ሰው ቢኖር ወይ ጆሮው የደነቆረ ወይ አዳማን ለቆ የሄደ ነው። የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ከሽቦ ጋር ሲጣላ ኖሯል። ደንበኞቹ ስድቡን ችለው ይመለሱለታል፤ ምን ያድርጉ፣ እጁን ያውቁታላ።

የዛሬው ቁጣው ግን ሌላ ነው። ግቢው መሀል አሮጌዋ ሞተር ሳይክሉ ቆማለች። ይህቺን ሞተር በወጣትነቱ ከቁርጥራጭ ነው የሠራት፤ የፊት መብራቷ ከተጣለ የጭነት መኪና፣ ጥሩምባዋ ከአውቶቡስ የተነቀለ ነው። ያኔ ገበያ ላይ ያገኘው አንድ ጥቅል ቀይ ሽቦ ብቻ ስለነበር ሁሉንም በቀይ ዘረጋው። እንዳይምታታበትም ጫፋቸውን ቋጠረ፤ አንድ ቋጠሮ የመብራት፣ ሁለት የጥሩምባ፣ ሦስት ለካንዴላው እሳት አድርሶ ሞተሯን የሚያስነሳው።

ልጁን ኑሰይባን በሕፃንነቷ የሞተሯ ነዳጅ ታንከር ላይ አስቀምጦ ያዞራት ነበር። «ስትዳሪ ከዚህ ቤት የማወጣሽ በዚህች ነው» ይላት ነበር፤ ሳያስበው ነው መቼም። ልጅቷ ግን ቃሉን ያዘች። ኒካዋ ከታሰረ በኋላ እንኳ ለአማቾቿ ሁሉ፣ አባቴ በሞተሯ እስከ ከተማው መውጫ ካላደረሰኝ ንቅንቅ አልልም ብላ ቁርጡን ነግራቸዋለች።

ባሏ ኢስሃቅ የአቦምሳ ሽንኩርት ነጋዴ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ጥፋቱም ጨዋነቱ ነው። አማቴን ላስደስት ብሎ ሞተሯን ሞጆ ወስዶ ነጭ ቀለም አስቀባት። ቀቢዎቹ ደግሞ ሽቦውን ነቅለው አጠቡና፣ ቋጠሮው ውበት ያበላሻል ብለው አንድ በአንድ ፈትተው፣ ደስ ባላቸው ቦታ ሰክተው መለሷት። ዛሬ፣ አጃቢ መኪኖቹ በር ላይ ተሰልፈው፣ ሞተሯ ትንፍሽ አልል አለች።

«ማን ፍታ አለህ?» አለ አብዱልጀባር፣ መፍቻውን እያወዛወዘ።

«አባባ፣ እኔ አልፈታሁትም። ቀቢዎቹ ናቸው፣ እንዲያምር ብለው…»

«እንዲያምር! ሰው ቤት ገብተህ ያገኘኸውን ሁሉ ማንሳት ነው ሥራህ?»

ኢስሃቅ በአዲስ ሱፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የአብዱልጀባር ሚስት ፎዚያ ከበሩ ላይ ሆና «በልጅህ ቀን እንኳ አፍህን ብትይዝ ምን አለ?» አለች። እሱ እቴ።

አምፖል የታሰረበትን መሞከሪያ ሽቦ አንስቶ ሥራውን ጀመረ። ቀይ ከቀይ እየለየ፣ ቦታውን ያገኘውን ሽቦ መልሶ ይቋጥራል። አንድ ቋጠሮ በጨመረ ቁጥር ቁጣውም ይጨምራል። ሞጆን ሰደበ፣ ቀለምን ሰደበ፣ የአቦምሳን ሽንኩርት ሳይቀር ሰደበ። ሰው የተበላሸ ዕቃው ሲጠገንለት ደስ ይለዋል፤ አብዱልጀባር ግን ሥራው ባለቀ መጠን ልጁን ከቤቱ የሚወስዷት መሆኑን ያውቃል፤ የሚያንገበግበውም ይኸው ነው።

ቋጠሮው ሁሉ ተመለሰ። ሞተሯ ግን አሁንም አልተነፈሰችም። ያኔ እጁን ከመቀመጫው ሥር ሰደደና ማሳ የሚባለው የባትሪው ሽቦ ከሞተሯ ብረት ጋር የሚታሰርበትን ቡሎን ዳበሰ። ቀለም! ያ የሞጆ ነጭ ቀለም ብረቱን ወፍራም አድርጎ ሸፍኖታል፤ ማሳው የሚነካው ብረት አጥቶ ኤሌትሪኩ ተቋርጧል። በቢላ ፋቀው፣ ሽቦውን ጫን አደረገበት። የመሞከሪያዋ አምፖል ቦግ አለች።

አብዱልጀባር አምፖሏን በመዳፉ ሸፈናት። ግራ ቀኝ አየ። ሽቦውን ቀስ ብሎ ከብረቱ አላቀቀና ተነሳ።

«አበላሽተዋታል! ዛሬ አትነሳም። ሂዱ፣ ሌላ ቀን ኑ።»

«እሺ አባባ» አለ ኢስሃቅ። «እስክትሠራ እጠብቃለሁ።»

ይኼ ትዕግሥቱ ደግሞ ይባስ አናደደው። አንድ ቃል ቢመልስለት እኮ ይገላገል ነበር።

በመስኮት ስታይ የቆየችው ኑሰይባ ወጥታ መጣች፤ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። ቋጠሮዎቹን በጣቷ አንድ በአንድ ነካካች፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቃቸዋለች። ከዚያ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ ተናገረች።

«አባዬ፣ ሲበራ አይቻለሁ።»

«አልበራም።»

«እሺ፣ አልበራም።» ቀና ብላ አየችው። «አትሂጂ ካልከኝ እቀራለሁ። ለኢስሃቅ እኔው እነግረዋለሁ፤ አንተን አላስወቅስህም።»

አብዱልጀባር ደሙ ፈላ። በቀቢዎቹ አይደለም፣ በኢስሃቅም አይደለም። ይህን ሁሉ ሰው በር ላይ አቁሞ በገዛ ልጁ ፊት በመዋሸቱ፣ እሷም ውሸቱን ልትሸከምለት በመዘጋጀቷ በራሱ ተናደደ። ሂናዋ ገና ያልደበዘዘ እጇን አየ። ማታ ማታ ሲሠራ አምፖል ይዞ ሲያበራለት የኖረ እጅ ነው።

መፍቻውን አነሳ። ማሳውን በተፋቀው ብረት ላይ አስቀምጦ ቡሎኑን እስኪጮህ ድረስ አጠበቀው። ተነስቶ ፔዳሏን በእግሩ መታ፤ ሞተሯ አንዴ አሳላትና ተነሳች። የአውቶቡሱ ጥሩምባ ግቢውን አናወጠው፣ ውጭ ያሉት መኪኖችም ተቀበሉት።

ኑሰይባ ከኋላው ተቀመጠችና ወገቡን ያዘች። አብዱልጀባር ዞር ብሎ አላያትም።

«ቀሚስሽን ሰብስቢ!» ብሎ ጮኸባት። «ሰንሰለት ይበላዋል!»