ያልሞላው ሰማንያ ቀን

ባለፈው ሳምንት እዚህ ደብረ ታቦር የጎረቤታችን የልጅ ልጅ ክርስትና ልትነሣ ነበር። ድግሱ ተሰናድቶ፣ ጠላው ደርሶ፣ ዘመድ ከእብናት ሳይቀር ተጠርቶ ሳለ አንድ ወጣት ዲያቆን በጣቱ ቆጠር ቆጠር አደረገና «አንድ ቀን ይጎድላታል» አለ። ሴት ልጅ የምትጠመቀው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ለካስ ገና ሰባ ዘጠኝ ነበር። ሰው ሁሉ ሳቀ። አያቷም «እንግዲያ አንድ ቀን ጨምራችሁ ልትበሉኝ ነው» ብላ ቀለደች። ጥምቀቱ ለማግስቱ ተላለፈ። ሕፃኗ ጤነኛ፣ ጉንጯ የሞላ ናት፤ አንድ ቀን ምንም አያደርጋትም። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ፤ ሰበብ ፈጥሬ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ዛሬ ሰው መምህር እያለ ነው የሚጠራኝ። ዲያቆን እንደነበርኩ የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ ለምን እንደተውኩት የሚያውቅ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ደርግ ከወደቀ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ክረምት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከገሳይ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት በምታስኬድ የገጠር ደብር አገለግል ነበር። የዚያን አገር ሐምሌ ያላየው አያውቀውም። ጉሙ ከጉና ተራራ ወርዶ ቤተ ክርስቲያኑን ከነዛፉ ይውጠዋል። መንገዱ ጭቃ፣ ወንዙ ሙላት ነው። ሰው ከምድጃው ዳር ድንች እየጠበሰ ፀሐይ የምትወጣበትን ቀን ይጠብቃል።

ከአብነት ትምህርት ቤት ከተመለስኩ ገና መንፈቅ አልሞላኝም። ሥርዓት አጥንቼ ነበር። ማን ይቆርባል፣ ማን በየትኛው በር ይገባል፣ ማን ስንት ቀን ይጾማል፣ ጠይቁኝ እንጂ መልሱ ከአፌ አይጠፋም። የደብሩ ቄስ መምሬ ይርዳው ግን ሰው አንድ ነገር ሲጠይቃቸው «እስቲ መጥቼ ልየው» ነበር የሚሉት። ቤቱ ድረስ ሄደው፣ ተቀምጠው፣ የሰውየውን ሆድ አድምጠው ነው የሚመልሱ። አለማወቅ ይመስለኝ ነበር። በልቤ እንቃቸው ነበር ብል ውሸት አይሆንም።

አንድ ቀን ከረፋዱ ላይ በደጀ ሰላሙ ጥላ ስር ቆሜ ዝናቡ እስኪያባራ ስጠብቅ አያ ደሴ መጣ። ከደብሩ በታች የሚኖር፣ ገብስና ድንች የሚያርስ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። የሣር ገሳ ደርቧል፤ ውሃው ከገሳው ላይ ይወርዳል።

«ዲያቆን፣ መምሬ አሉ?»

«ከጋራው ወዲያ ተዝካር ተጠርተው ሄደዋል። ምነው አያ ደሴ?»

«ልጅቱ ጡት ትታለች። ከትናንት ጀምሮ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ሐኪም ቤት እንዳልወስዳት ወንዙ ሞልቷል። እናቷ ስንዱ ‹ሳትጠመቅ እንዳትሞትብኝ› ብላ ላከችኝ።»

«ስንት ቀኗ ነው?»

«ሃምሳ ሁለት።»

«ሰማንያ መሙላት አለበት እኮ።»

«እሱንማ እናውቃለን። ብትሞትስ ብለን ነው።»

«ሥርዓት ነው አያ ደሴ። እናቷም ገና ቀኗን አልጨረሰችም። መምሬም ከዚህ የተለየ አይነግሩህም።»

ፊቴን አየኝ፤ ከዚያ መሬቱን አየ። «እንግዲህ የተማርከው አንተ ነህ» አለና ገሳውን አስተካክሎ ቁልቁለቱን ወረደ።

መምሬ የነበሩበት ቤት ከግማሽ ሰዓት መንገድ አይበልጥም። ሮጬ ልጠራቸው እችል ነበር። ዝናቡ ግን ይወርዳል፤ ነጠላዬም የታጠበች ነበረች። ያን ቀን የጠቀስኩት ሥርዓት ለእግዚአብሔር ክብር ይሁን ዝናቡን ፈርቼ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቀውም።

ልጅቱ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ አረፈች።

ያልተጠመቀ ከቅጥር ግቢ አይቀበርምና ከአጥሩ ውጭ፣ ከአንድ ጽድ ስር ቆፈሩላት። ፍትሐት የለም፣ ደወል የለም። ስንዱ ቀኗ ስላልሞላ ከግቢው መግባት አትችልም ነበር፤ ልጇ ከውጭ በመቀበሯ ግን ከጉድጓዱ አፍ ላይ መቆም ቻለች። ጥቁር ጋቢ ተከናንባ ያለ ድምፅ ታለቅስ ነበር። ጡቷ ወተት አግቶ ቀሚሷን አርሶት እንደነበር አየሁ፤ ዓይኔን ሰበርኩ።

መምሬ ይርዳው ሰምተው በጭቃው እየተንሸራተቱ ደረሱ።

«ደሴ፣ ምነው ሳትጠራኝ?» አሉት።

«ዘገየን መምሬ» አለ፣ አፈሩን እያየ። እኔን ሊሸፍነኝ ነው።

«አልዘገየንም» አለች ስንዱ።

«እኔ ነኝ የመለስኩት» አልኩ። «ሰማንያ አልሞላም ብዬ።»

መምሬ ወደ እኔ ዞሩ። «ለሞት የደረሰ ሕፃን በማናቸውም ቀን ይጠመቃል። ይህን አልተማርህም?»

ተምሬዋለሁ። በቃሌ ነበር። መምህሬ ሲጠይቁኝ ሳላደናቅፍ መልሼው አውቃለሁ፤ ሰው በዝናብ ቆሞ ሲለምነኝ ግን አልመጣልኝም።

«ተምሬያለሁ» አልኩ።

መምሬ ከእርጥቡ መሬት ላይ፣ ከስንዱ አጠገብ ቁጭ አሉና አባታችን ሆይ ማለት ጀመሩ። ከቆሙት አንዱ ሽማግሌ «ያልተጠመቀ ላይ ይጸለያል እንዴ?» ብሎ አጉረመረመ። መምሬ ቀና ሳይሉ «ለእሷ አይደለም፤ እሷስ ምን በደለች? ለእኛ ነው» አሉ። ሰዉ ተከተላቸው።

በኋላ ንስሓ ስጠይቃቸው መቶ ስግደት ወይም የወር ጾም ጠብቄ ነበር። «ስግደትማ ይቀልሃል» አሉኝ። «ሄደህ የደሴን ድንች አውጣ። ሰው ቤት መግባት ተማር።»

ስምንት ቀን ቆፈርኩ። አያ ደሴ አጠገቤ እየቆፈረ ሰብል ስለሚመታው ዋግ፣ ስለ በሬው እግር ያወራኝ ነበር፤ ስለ ልጅቱ አንድም ቀን አላነሣም። በመጀመሪያው ቀን ቀትር ላይ ስንዱ የገብስ ዳቦና የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አቀረበችልኝ። እጄን መስደድ አቃተኝ።

«ብላ» አለችኝ። «እኔ የመጣን ሰው አልመልስም።»

በላሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተግሣጽ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ አልገጠመኝም። በመስከረም ተክሊልና ክህነት የሚሉትን ሐሳብ ትቼ ደብረ ታቦር ገባሁና የመንግሥት ትምህርቴን ቀጠልኩ።

የጎረቤታችን የልጅ ልጅ በማግስቱ ተጠመቀች። ከሰዉ ኋላ ቆሜ ለቅሶዋን ሰማሁ፤ ጉልበት ያለው ለቅሶ ነው። ለወጣቱ ዲያቆን ይህን ሁሉ ልነግረው አስቤ ነበር፤ ግን እሱ ምን አጠፋ? ሥርዓት ክፉ ነው ብዬ አላውቅም። ያለ ሥርዓት እንዴት እንኖር ነበር? እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው።

ድንቹን አውጥተን በጨረስን ቀን ስንዱ እግር ላይ ወድቄ ይቅር በይኝ ብያት ነበር። እሷም እንደ አገሩ ወግ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለችኝ። አንድ ፊደል አልጎደለውም። ልቧ ከቃሉ ጋር ይኑር አይኑር ግን አላወቅሁም፤ ለመጠየቅም መብት ያለኝ አይመስለኝም።