ያላጠፋኋት ማሽን

ማሽኗን ያጠፋው ታሪኩ ነው፤ የተባረርኩት እኔ ነኝ። ነገሩ ይኸው ነው።

ሰሞኑን ዊንጌት ጋ መታወቂያዬን ኮፒ ላስደርግ አንድ ኮፒ ቤት ገብቼ ሳለ የምታስተናግደኝ ልጅ ኮምፒውተር ስታክ አደረገ። ጣቷን ወደ ማጥፊያው ስትሰድ እጄ ሳላዘው ተወርውሮ ያዛት። «ምን ሆኑ አባባ?» አለች ደንግጣ። የጋለው አቧራ ሽታ ወደዚያ ክፍል መልሶኝ ነበር።

ልጅነቴ ከእንጦጦ እንጨት በማውረድ ስላለቀ ፊደል ሳልቆጥር ጎልምሼ፣ ጉለሌ ካለ አንድ ኮሌጅ በጽዳት ተቀጠርኩ። የማጸዳው የኮምፒውተር ክፍል ነበር፤ በየጠረጴዛው ያሉት ስክሪኖች ሁሉ ጥግ ላይ ከምታጓራ አንዲት የዩኒክስ ማሽን ጋር የተያያዙ፣ ተማሪው ሁሉ ሥራውን እሷው ሆድ ውስጥ የሚያስቀምጥ። የአንዱ ስክሪን ሲደርቅ ማሽኗን መንካት ክልክል ነው፤ የክፍሉ ኃላፊ እትዬ ጽጌ ጎረቤት ስክሪን ላይ ትቀመጥና የተቀረቀረውን ሥራ ብቻ ለይታ ታቆማለች፣ የሌላው ሳይነካ ይቀጥላል። «አንዱን ጥርሱን ቢያመው የሰፈሩን ሁሉ ላስነቅል?» ትል ነበር።

ክፍሉ ጭር ሲል ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። «አንተ የቆሎ ተማሪ፣ ዛሬም ሀሁ ላይ ነህ?» እያለች ስትስቅብኝ፣ እኔም ተናድጄ ስወጣና በማግስቱ ተመልሼ ስቀመጥ፣ ብቻዬን ያነበብኳት የመጀመሪያ ቃል ማሽኗ ላይ የተለጠፈችው «አታጥፉ» ሆነች። እትዬ ጽጌ ባዶ ክፍል ውስጥ እልል አለችልኝ።

አንድ ቀን ሰው ሁሉ ሥራውን ማሽኗ ላይ ትቶ ምሳ ሲወጣ፣ መመረቂያ ጽሑፉን የሚጽፈው ታሪኩና እኔ ብቻ ቀረን። ስክሪኑ ደረቀበት። ተቁነጠነጠ፣ ተሳደበ፣ ከዚያ ተነሥቶ ማሽኗን ድርግም አደረጋት። የስንቱ ልፋት ጠፋ። ሰው ሲመለስ «ጽዳቱ ነው» አለ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። የገዛ ጽሑፉን ያጠፋል ብሎ ማን ይጠረጥረዋል?

«የተለጠፈውን አላየህም?» አለኝ የኮሌጁ አለቃ።

«አንብቤዋለሁ። አላጠፋሁም።»

«አንተ? ልታነብ?» ብሎ ሳቀ።

እትዬ ጽጌ አልሳቀችም። «ያነባል» አለች ቀስ ብላ። «አንብቦ ካጠፋማ የባሰ ነው።»

ከዚያ በኋላ በቃ፣ መንገድ ላይ ስታየኝ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ታልፋለች። ሠላም ብላትም አትመልስም። እኔ ግን ጋዜጣም ሆነ የሱቅ ታፔላ ባነበብኩ ቁጥር ከፊደሉ ሥር የእሷ ጣት ይታየኛል።

ከስንት ዓመት በኋላ እትዬ ጽጌ ሞተች። ታሪኩ ሸብቶ፣ ከረባት አስሮ፣ ለቅሶዋ ላይ ድንኳኑ እንደሞላ ተነሣና «ያኔ ማሽኗን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለ፣ ወደ እኔ እየጠቆመ። ሰዉ «ይቅር በለው» እያለ ከበበኝ። ይቅር አልኩት፤ ምን ላድርገው? እሱ ቀለለው፣ ቁጭ ብሎ ንፍሮውን በላ። መስማት የነበረባት ሴት ግን አልሰማችም፤ እንደዋሸኋት አምና ሄዳለች። ነገሩ ያለቀው በሣልስቷ ቀን፣ ኅዳር አሥራ ሦስት፣ የሚካኤል ማግስት ነው።