እማዬ መርዶ የሰማችበት ጫካ

ልጅ እያለሁ ቅዳሜ የጥድ ሽታ ነበረው። በፈረንጅ አገር፣ ግራንድ ፕሬሪ በምትባል ከተማ ከነበረው አፓርታማችን ብዙም ሳይርቅ፣ ሃይዌዩን ተሻግሮ፣ ከተማው መሀል ሳይነካ የቀረ ጫካ አለ፤ ኔቸር ሴንተር ነው የምንለው። መግቢያው በነጻ ስለሆነ የሐበሻ ወላጅ ሁሉ ልጆቹን ጭኖ እዚያ ይወስድ ነበር። መንገዱ ላይ የተነሰነሰው የጥድ ስብርባሪ ፀሐይ ሲመታው የሚሰጠው ሽታ እስከ ማታ ከጫማችን አይለቅም። መግቢያው ላይ ካለው ሕንፃ ውስጥ ክንፉ የተሰበረ ጉጉት ነበር፤ ኩሬው ዳር የወደቀ ግንድ ላይ ተደርድረው ፀሐይ የሚሞቁ ኤሊዎችም ነበሩ። እኛ ሴቶቹ ግን ከኤሊው ይልቅ ከዛፍ ሥር በለቀምነው የኦክ ፍሬ ቅልልቦሽ መጫወት ይበልጥብን ነበር።

እዚያ የምትሠራ አንዲት ነጭ አሮጊት ነበረች፤ ሰፊ ባርኔጣ የምታደርግ፣ ወገቧ ላይ ሬዲዮ የምታንጠለጥል። ከመንገዱ ወጣ ያለ ልጅ ካየች አትምረውም። ሣሩ ውስጥ የወፍ ጎጆ አለ፣ ትረግጡታላችሁ እያለች ትቆጣናለች። ከአስተማሪዎቻችን ይልቅ እሷን እንፈራ ነበር።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ የእማዬ አባት አገር ቤት አረፉ። እማዬ ካየቻቸው ብዙ ዓመት ሆኗት ነበር። ለፋሲካ ልትሄድ ትኬት ቆርጣ፣ እኛን ማን እንደሚጠብቀን ሳይቀር ተነጋግራ ጨርሳ ነበር። ወሬው መጀመሪያ የደረሰው ጋሽ ተፈራ ዘንድ ነው። ጋሽ ተፈራ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳሉ፤ በእኛ አካባቢ ላለው ሐበሻ ሁሉ ደግሞ ሽማግሌው እሳቸው ነበሩ። እኩዮቼ ታስታውሳላችሁ፣ ያኔ መርዶ እንደ ዛሬው እንደዋዛ አይነገርም። የሞተበት ሰው ከሥራ እስኪወጣ፣ እህል እስኪቀምስ፣ እንቅልፍ እስኪያገኝ ይጠበቃል። ከዚያ ሰው ተሰብስቦ በማለዳ ይነገረዋል።

ጭንቁ ቦታው ነበር። ከእኛ በላይ የምትኖር ጎረቤታችን የወንድሟን መርዶ ስትሰማ ጮኻ አለቀሰች፤ በስሱ ግድግዳ የሰማ አንድ ሰው ፖሊስ ጠራ። ፖሊሶቹ እጃቸውን ሽጉጣቸው ላይ አድርገው ለቀስተኛው መሀል ገቡ። ሴትዮዋ በድንጋጤ ለቅሶዋን ዋጠች፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ፈዘዘች ቀረች። አባዬ እማዬ እንዲያ እንዳትሆንበት ፈራ። እሷ ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘን ሥራ ላይ እያለች አባዬና ጋሽ ተፈራ ሳሎን ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲመካከሩ እኔ ከበሩ ጀርባ ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ። ቤት አይሆንም፤ ቤተ ክርስቲያኑም የኪራይ ነው፣ ቅዳሜ ባለቤቶቹ ይጠቀሙበታል። በመጨረሻ ጋሽ ተፈራ ልጆቹ የሚሄዱበት ጫካ ይሻላል አሉ፣ እዚያ እንደ ልብ ይለቀሳል። አባዬ ሰዉን ያን ያህል ማስቸገር ሲከብደው፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ብለው ዝም አሰኙት። እስከ ቅዳሜ የእማዬን ዓይን ማየት ፈርቼ ሰነበትኩ።

ቅዳሜ ማለዳ እማዬ ልጆች ለማናፈስ የምንሄድ መስሏት ሻይ በፔርሙዝ ይዛ ወጣች። ፓርኪንጉ ስንደርስ የምታውቃቸውን መኪኖች አየች፤ ራቅ ካለችው ከዴንተን ከተማ ድረስ የመጡ ነበሩ። ሴቶቹ ጥቁር ለብሰው ከዛፎቹ ሥር ቆመዋል። አባዬ መኪናውን ፓርክ ሳያደርግ በሩን ከፍታ ወረደች።

"ጋሽ ተፈራ፣ ማን ነው?" አለች። "ንገሩኝ፣ ማን ነው?"

"አባትሽ ናቸው፣ ልጄ። እግዜር ያጥናሽ።"

እንደዚያ ያለ ጩኸት ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። ደረቷን እየደቃች መንገዱን ለቃ ሣሩ ውስጥ ገባች፤ ሴቶቹም እያለቀሱ ተከተሏት። ወፎቹ ግር ብለው ተነሡ። ባለ ባርኔጣዋ አሮጊት ሬዲዮዋን አፏ ላይ አድርጋ እየሮጠች መጣች፤ ማን ተጎዳ፣ አምቡላንስ ልጥራ ወይ ስትል ከሁሉም የቀረብኳት እኔ ነበርኩ። አባቷ ሞቶ አሁን ገና መስማቷ ነው፣ እኛ አገር እንዲህ ነው የሚለቀሰው አልኳት። አሁን ከሣሩ ውጡ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። አሮጊቷ ሬዲዮውን ወገቧ ላይ መለሰች። ባርኔጣዋን አውልቃ የመንገዱ አፍ ላይ ቆመች፤ የሕፃን ጋሪ እየገፋ የሚመጣውን ቤተሰብ ሁሉ በሌላ በኩል እንዲያልፍ ታደርግ ጀመር። ለቅሶው ወደ እንጉርጉሮ እስኪወርድ ድረስ ከዚያ አልተነቃነቀችም።

እማዬን ማንም ዝም በይ አላላትም። ሣሩ ላይ ተቀምጣ የአባቷን ደግነት፣ የእርሻውን ማማር፣ ይጠሯት የነበረውን ስም ሁሉ እያነሣች አለቀሰች፤ ወንዶቹ ዙሪያዋን ቆመው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ወደ ቤት ስንመለስ ድምጿ ተዘግቶ ነበር፤ ቀሚሷ ላይ የሣር ፍሬ ተጣብቋል። እንደ ጎረቤታችን ግን አልፈዘዘችም። ማታውን እንጀራ ቆርሳ በላች፣ ፀጉሬንም ሠራችልኝ።

ዛሬ ልጆቼን ወደዚያ ጫካ እወስዳለሁ። ሕንፃው ታድሷል፤ ልጆቼ ጉጉት ከማየት ይልቅ ግድግዳው ላይ ያለውን ስክሪን መነካካት ይወዳሉ። ጋሽ ተፈራ አርፈዋል፤ ያ ሁሉ ሰውም በየከተማው ተበትኗል። መርዶ ደግሞ በፌስቡክ ሽማግሌዎቹን ቀድሞ ይደርሳል።

አምና እማዬ ራሷ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ፣ ተሽሏታል ብለውኝ አዲሰን ከተማ ወዳለው ቢሮዬ ገብቼ ነበር። ስልኬ ጮኸ። ከሆስፒታሉ የደወለች ትሁት የሆነች ድምፅ የእማዬን ማረፍ ነገረችኝ። ኦኬ፣ ቴንክ ዩ አልኩና ዘጋሁት። ጎኔ የተቀመጠው ባልደረባዬ እንዳይሰማ አፌን በሁለት እጄ ግጥም አድርጌ ያዝኩ። እማዬን መጀመሪያ ሰው ከበባት፣ ከዚያ ሰማች። እኔ መጀመሪያ ሰማሁ፤ ሰው የፈለግሁት ከዚያ በኋላ ነው፣ ስልክ ቁጥር እየፈለግሁ። በእናቴ በሕይወቴ ቀንቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን በለቅሶዋ ቀናሁ።