ፓምፑ የት ይቀመጥ

ባለቤቴ ሠላሳ አንድ ዓመት በውሃ መሥሪያ ቤት ፓምፕ ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ወጣ። ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። የሕንፃችን ሰዎች ዛሬ ሲያነሡት በአክብሮት ነው፤ በሕይወት ሳለ ግን "ጋሼ ሞተር" ይሉት ነበር። ግማሹ ስለ ሙያው ነው፤ ግማሹ ደግሞ ስለ ውሃ ማውራት ከጀመረ ቶሎ ስለማይጠፋ ነው።

እውነታቸውን ነው። ቧንቧ ሲንጠባጠብ ከሰማ የሰው ቤት መሆኑን ይረሳ ነበር። እኅቴ ልጇን የዳረች ዕለት፣ ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ፣ እሱ በሙሉ ሱፍ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተንበርክኮ ተገኘ። "ስታስነጥስ ሰማኋት" አለኝ። ቧንቧዋን ነው።

ጡረታ ሲወጣ ግን የሚጠይቀው ሰው ጠፋ። ጠዋት ተነሥቶ ይላጫል፣ ቱታውን ይለብሳል፣ ከዚያ የሚሄድበት ያጣል። ደህና የሚሠራውን የሻይ ማፍያዬን ሁለት ጊዜ ፈታትቶ ገጠመው። የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ዐውቅ ነበር፤ ስለ ውሃ አንዴ ተናግሮ፣ ሰዎች "እሺ" ብለው እንዳለው ሲያደርጉ ማየት።

ዕድሉ የመጣ መሰለ። ሕንፃችን አራት ደርብ ነው፤ ዐሥራ ስድስት ቤት አለው። ከታች ያለነው ውሃ እናገኛለን፤ ከላይ ያሉት በባልዲ ይሸከማሉ። ፓምፕ እንዲገዛ ሁላችንም ተስማማን። ያጣላን የት ይቀመጥ የሚለው ነው።

ሊቀመንበራችን የቀድሞ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ስብሰባ ነፍሳቸው ነው። ሁሉም ወንበሩን ከቤቱ ይዞ መኪና ማቆሚያው ላይ ተቀመጠ፤ ባለቤቴም እንዲያስረዳ ተጠየቀ። አርባ ደቂቃ አስረዳ። ቱቦ ይዞ መጥቶ ውሃ በአፉ እየሳበ ጭምር አሳየ፤ ትን ሲለው ሁለት ሰው ጀርባውን መታው። በመጨረሻ ነገሩን በአጭሩ ቋጨው፤ ፓምፑ ውሃ ከሚጠራቀምበት ታንከር አጠገብ፣ ግቢው ጥግ ላይ ይቀመጥ። ታንከሩን ከራቀ አየር ይስባል፣ አራተኛ ደርብም አይደርስም።

ጥጉ ማለት የእኛ መኝታ ቤት መስኮት ሥር ነው።

"የማን መስኮት ነው ያልከው?" አልኩት ከተቀመጥኩበት።

"የእኛ" አለ፤ የጎረቤት መስኮት ያወራ ይመስል።

ከጎናችን የሚኖረው ፀጉር አስተካካይ ተነሣ። "ድምፁ ለእኛም ይተርፋል። ለምን የግቢው በር ጋ አይሆንም? ጥበቃው እንደሆነ አይተኛም።"

"እኔም ጆሮ አለኝ" አለ ጥበቃው ከበሩ።

"ውሃ በድምፅ ብልጫ አይወጣም" አለ ባለቤቴ። "እጃችሁን ብታወጡ ፓምፑ አያያችሁም።"

"እኛ ግን እንሰማዋለን" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

መምህሩ ድምፅ ይሰጥ አሉ፤ አንድ ቤት አንድ ድምፅ። ባለቤቴ እጁን ሊያወጣ ሲል ከለከሉት።

"እርስዎ ባለሙያ ሆነው አስረድተዋል። አስረድተው ድምፅም ከሰጡ ሁለት ጊዜ መሆኑ ነው። የቤትዎን ድምፅ ባለቤትዎ ይስጡ።"

"ይሄ ደንብ የት ነው ያለው?"

"አሁን እናወጣዋለን" አሉ መምህሩ። ወጣ። ደንቡም በድምፅ ብልጫ አለፈ።

ከላይ ያሉት ሰባት ቤቶች ለጥጉ እጅ አወጡ፤ ስምንተኛው ቤት መንገድ ሄዶ ነበር። ከታች ያሉት ሰባት ቤቶች ለበሩ አወጡ። እኔ ቀረሁ። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ፤ እርግጠኛ ነበር። እኔ ደግሞ ድመት ስትራመድ የምነቃ ሰው ነኝ። እጄን ለበሩ አወጣሁ።

ሁለት ቀን ጨው ከማቀበል ያለፈ ንግግር አልነበረንም። በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ፣ "ሃያ ስምንት ዓመት አብረን ኖረን" አለ።

"ሃያ ስምንት ዓመት አብረን ተኝተን፣ እንቅልፌ ምን እንደሚመስል አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

እጁን ዘርግቶ ጨዉን ራሱ አነሣ።

ፓምፑ በሩ ጋ ተተከለ። ሁሉም ነገር እሱ እንዳለው ሆነ። ሦስተኛ ደርብ ላይ ውሃው እንደ ክር ቀጠነ፤ አራተኛው ላይ ቧንቧው ይስላል እንጂ ጠብ የሚል የለም። ፓምፑ አየር ስለሚስብ በየጠዋቱ በእጅ ውሃ ካልጠጣ አይነሣም። ማን ያጠጣው? ባለቤቴ ነዋ። ጆግ ሞልቶ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ ያገኘውን ሁሉ እጅ እየነሣ ይሄዳል። "ነግሬ ነበር" ብሎ አያውቅም። ጆጉ ይናገርለታል።

እኔም ከወቀሳ አላመለጥኩም። ከአራተኛ ደርብ ልብስ ሰፊዋ ባልዲዋን ይዛ ስትወርድ ደረጃው ላይ ተገናኘን።

"እትዬ፣ ያን ቀን እጅዎን ሲያወጡ ይሄን ባልዲ አላዩትም?" አለችኝ። በሳቅ ነው ያለችው።

ማታ እራት ላይ ይህንኑ ነገርኩት። በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር፤ ከምሳ በኋላ መጥቶ "ነይ ተኚ" አለኝ።

"በጠራራ ፀሐይ?"

"ስለ ፓምፕ ዐውቃለሁ። ስለ እንቅልፍሽ አላውቅም። ተኚና ንገሪኝ።"

ከጥበቃው ጋር ሆነው ፓምፑን ነቅለው ጥጉ ላይ አቁመውት ነበር። ቀሚሴን እንደለበስኩ አልጋው ላይ ጋደም አልኩ። ሞተሩ ተነሣ። መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች መጨዋወት ጀመሩ። ባለቤቴ በመስኮት አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ አየዋለሁ።

አጠፋውና "እህ፣ እንዴት ነው?" አለ።

"ምን ስትለኝ ነበር?"

"እንዴት ነው ስልሽ ነበር።"

"እንግዲያው እንደዚያ ነው።"

ከመኪና ጎማ ላስቲክ ቆርጦ ከሥሩ አነጠፈለት። እንደገና ተኛሁ። ብርጭቆዎቹ ዝም አሉ፤ ጥርሴ ግን አላለም። በማግሥቱ ሣጥን ሠርቶ፣ ውስጡን ባሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ለብጦ፣ መተንፈሻ ትቶለት ከደነበት።

"ከሁሉ በላይ" አልኩት ከአልጋዬ ላይ፣ "ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት አይነሣብኝ።"

ቆም ብሎ አሰበ። "ጣሪያው ላይ ሌላ ታንከር ብንሰቅል ቀን ሞልቶ ያድራል። ይቻላል" አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራበትን ሙያ ከሚስቱ ተራ ጭቅጭቅ ጋር ሲያጋጥም እንዲያ ረጋ ብሎ አይቼው አላውቅም።

ሞተሩን አስነሣው። ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሆነ እንጃ፣ መስኮቱን ሲያንኳኳ ሰማሁ።

"አሁንስ?"

"ተኝቼ ነበር። የቀሰቀስከኝ አንተ ነህ።"

ሁለተኛው ስብሰባ ተጠራ፤ ወንበሮቹ ወጡ። መምህሩ "ባለሙያው ያስረዱን" ሲሉ ሰዉ ሁሉ ለአርባ ደቂቃ ተመቻችቶ ተቀመጠ።

ባለቤቴ ተነሣ። "የተኛችው እሷ ናት። እሷን ጠይቋት" ብሎ ተቀመጠ።

ተነሥቼ ያየሁትን ነገርኳቸው። ላስቲኩን፣ ሣጥኑን፣ የጣሪያውን ታንከር፣ ሁለት ሰዓት ያልኩትንም። ሞተሩ እየሠራ እንቅልፍ እንደወሰደኝም አልደበቅሁም።

"ድመት የሚቀሰቅሳቸው እትዬ ከተኙማ እኔ ምን እላለሁ" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

መምህሩ መነጽራቸውን አስተካከሉ። "እንግዲህ እትዬ በባለሙያነት አስረድተዋል።"

"እኔ? ከመተኛት ሌላ ምን ሠራሁ?"

"ስለ መተኛት አስረድተዋል። ደንባችን ደንብ ነው፤ የቤትዎን ድምፅ ዛሬ ጋሼ ይስጡ።"

ለጥጉ እጅ ይውጣ ተባለ። የታችም የላይም ቤት አወጣ። ባለቤቴም ቀስ ብሎ አወጣ፤ ቱታው እጅጌ ላይ የስፖንጅ ብናኝ ነበረበት። መምህሩ በጣታቸው እየጠቆሙ ቆጠሩ፣ ጻፉ፣ መዝገቡን ዘጉ።

"ጋሼ፣ ተቆጥሯል። እጅዎን ያውርዱ።"

"ግድ የለም፣ አልከበደኝም" አለና እንዳነሣው ቆየ።